ለፈንታሁን የከፈትኩት መስኮት

በቤር ሼቫ ከተማ ፀሐይ ሰው ቤት የምትገባው በእኔ ፈቃድ ነበር። ይህን ስል ማንም እንዳይስቅብኝ። ከታሃና መርካዚት፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ካሉት አሮጌ ሕንፃዎች ጀምሮ እስከ ሽኩና ጊሜል ሰፈር ድረስ እጄ ያልነካው፣ እጄ ነክቶትም ያልታዘዘልኝ ትሪስ የለም። ትሪስ ማለት በመስኮቱ ውጭ በኩል የሚወርድ፣ ሲሳብ ደግሞ ላይ ያለው ሣጥን ውስጥ የሚጠቀለል መዝጊያ ነው። ይህ አገር ያለ እሱ አይኖርም፤ በጋው ሰው ይጠብሳል፣ የበረሃው አቧራም ሳያንኳኳ ይገባል። ስለዚህ ሚኒስትርም ይሁን ጄኔራል፣ ትሪሱ ተቀርቅሮበት ጨለማ ውስጥ ሲቀር የሚጠራው እኔን አዲሱን ነበር። ሚኒስትር እንኳ ጠርቶኝ አያውቅም። ጄኔራል ግን አንድ ጊዜ ጠርቶኛል፤ እሱም ጡረታ የወጣ ነበር፤ በኋላ ሲጣራ ደግሞ ሻምበል ሆኖ ተገኘ።

እውነቱን ለመናገር፣ ትሪስ መጀመሪያ የተዋወቀኝ አፍንጫዬን ሰብሮ ነው። እሱን እመጣበታለሁ።

አሁን ትከሻዬ እምቢ ብሏል። የኩፓት ሆሊሙ፣ የጤና ጣቢያዬ ሐኪም ምስሉን አየና “ከእንግዲህ ክንድህን ከትከሻህ በላይ አታንሳ” አለኝ። “እስክስታስ ዶክተር?” ስለው “እሱን ለሚስትህ ተውላት” አለኝ። የትሪስ ሥራ ደግሞ ከትከሻ በላይ ካልሆነ ምኑ ሥራ ነው? ሰዉም ቢሆን ዛሬ ቁልፍ እየተጫነ በኤሌክትሪክ ነው የሚከፍተው፤ ጠፍር የሚስብ ሰው እያለቀ ነው። እኔም መሰላሌን ለሌላ ሰጥቼ ትምህርት ቤት በር ላይ ዘበኛ ሆኛለሁ። ልጆቹ በዕብራይስጥ “ሻሎም አዲ” እያሉኝ ያልፋሉ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ከፊት ለፊት ያለውን ሕንፃ ትሪሶች ሳይ እውላለሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያለው ወደ ግራ አዘንብሏል። ያመኛል።

ሥራ የጀመርኩት ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ፣ ትሪስ ከሚመረትበት ፋብሪካ ነው። እንደ ሌላው ቤተ እስራኤል በሱዳን በኩል ገና ጎረምሳ ሳለሁ መጥቼ፣ ወታደርነቱን ጨርሼ፣ መጀመሪያ ያገኘሁት እንጀራ ይሄ ነበር። ሽላብ የሚባሉትን ረዣዥም የፕላስቲክ ዝርጎች በልክ መቁረጥ ነው። ጠዋት ሽላብ፣ ማታ ሽላብ፣ በሕልሜ ሽላብ። ሚስቴ የሺ ያኔ እጮኛዬ ነበረች። “ዝም ያልከው ምን እያሰብክ ነው?” ስትለኝ “አንቺን” እያልኩ እዋሻት ነበር። አለቃችን ማርሴል የሚባል የሮማንያ ሰው ሲሆን ከአፉ የሚወጡት ሁለት ነገሮች ብቻ ነበሩ፤ “ቶሎ” እና “ገና ነው”። ደመወዙ ኪስ ሳይደርስ የሚያልቅ ዓይነት ስለነበር እንለፈው። በመጨረሻ የሚቆርጥ ማሽን ገዙና እኛን አሰናበቱን። ማሽኑ አይቀልድም፤ ማርሴል የወደደለትም ይህን ሳይሆን አይቀርም።

ያን ጊዜ ነው ሳሶንን ያገኘሁት። ከታሃና መርካዚት አለፍ ብሎ፣ ገበያው ጥግ ላይ ቁም ሣጥን የምታክል ሱቅ ነበረቻቸው። እኔ ስገባ እሳቸው መውጣት ነበረባቸው። ሳሶን ከባግዳድ በልጅነታቸው የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ዕብራይስጥ አንቱታ ስለማያውቅ በአፌ “አንተ” ስላቸው ኖርኩ፤ በሆዴ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አንቱ ነበሩ። “ምን ትችላለህ?” አሉኝ። “ሁሉን” አልኳቸው። “ጥሩ፣ እንግዲያው መሰላሉን ተሸከም” አሉኝ።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ የተበጠሰ ጠፍር መቀየር ነበር። ትሪሱን የምንስብበትን ጠፍር የሚጠቀልለው ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ በዚያ ውስጥ ሞላ አለ። ሳሶን “ሞላውን መጀመሪያ በምስማር አስረው፣ ከዚያ ፍታው” አሉ። እኔ ሚሊዮን ሽላብ የቆረጥኩ ሰው ስለ ምስማር ልመከር? ካቻቢቴዬን አስገብቼ ነቀነቅኩት። ሞላው የዓመታት ንዴቱን ይዞ ተፈታና ቆርቆሮው አፍንጫዬ ላይ አረፈ። እንደዚያ ያለ ደም በሬ ሲታረድም አላየሁም። ሳሶን አልሳቁም፣ አልተቆጡም። መሐረባቸውን አቀበሉኝና “አሁን ተዋወቃችሁ። ሞላ እንደ ግመል ነው፣ ቂም ይይዛል” አሉኝ። አፍንጫዬ እስከ ዛሬ ወደ ቀኝ ያጋድላል። የሺ “ያጋደለው ወደኔ ነው” ትላለች።

እኒህ ሰው ትሪስ ከማየታቸው በፊት እጅ ያዩ ነበር። ሰው ቤት ይገቡና ኮፍያቸውን አውልቀው ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ከዚያ ባለቤቱን “እስቲ እንደ ሁልጊዜህ ሳበው” ይሉታል። ባለቤቱ ሲስብ የእጁን መንገድ ይመለከታሉ። ወደ ጎን የሚስብ አለ፤ ጠፍሩ ጠርዙ ይበላል። በድንገት የሚለቅ አለ፤ ሽላቡ ወርዶ ይሰነጠቃል። “ትሪስ አይታመምም፣ የሚታመመው እጅ ነው” ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ባልና ሚስት ጠሩን። ጠፍራቸው በየወሩ ነው የሚበጠሰው። ባልየው በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ስለሆነ ቀን ጨለማ ይፈልጋል፤ ሚስትየዋ ብርሃን ካላየች ትታፈናለች። አንዱ ሲያወርድ ሌላዋ ስትስብ ጠፍሩ በጦርነት አለቀ። እኔ አዲስ ጠፍር ከከረጢቴ ሳወጣ ሳሶን “ቆይ” አሉኝና ባልየውን አስነስተው አልጋውን ለሁለት ተሸክመን ከመስኮቱ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዞርነው። ራስጌው ቁም ሣጥኑ ጥላ ሥር ገባ። ጠፍሩን አሰሩላቸውና ወጣን። እነዚያ ሰዎች ዳግመኛ አልጠሩንም። እኔ በልቤ “እኒህ ሰውዬ በዚህ አያያዛቸው ደንበኛ ይጨርሳሉ” ብዬ ነበር።

ሌላው ብልሃታቸው የሽላቡ ነበር። ሁልጊዜ ፀሐይ የሚበላቸው የታችኞቹ ሽላቦች ናቸው፤ የላይኞቹ ሣጥኑ ውስጥ ተጠቅልለው ስለሚውሉ እንደ ሙሽራ ናቸው። ሳሶን የተሰባበረውን ከታች አውጥተው፣ ከላይ ያሉትን ደህናዎች አውርደው፣ የደከሙትን ወደ ጥላው ይሰቅሏቸው ነበር። “ወጣቶቹ ፀሐይ ላይ ይሥሩ፣ ሽማግሎቹ ይረፉ” ይላሉ። በኋላ እሳቸውም ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው እኔ ብቻዬን መሰላል ስወጣ ይህን ነገር አስታወስኳቸው። “ታዲያ ሽላብ መሆንህን ዛሬ ነው ያወቅኸው?” አሉኝ።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ሕግ ነበራቸው። ትሪሱ ተጠግኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲንቀሳቀስ እኛ አንከፍተውም። መዳፍ ታህል ካነሳን በኋላ እንተወዋለን፤ ባለቤቱን ጠርተን ጠፍሩን እጁ ላይ እናስይዘዋለን። “ጨለማው የእሱ ነበር፣ የመጀመሪያውም ብርሃን የእሱ ነው። አንተ ማን ነህና በሰው ቤት ጠዋት ታደርጋለህ?” ይሉኝ ነበር። ይህን ሕግ ከመድገማቸው ብዛት አጥንቴ ውስጥ ገባ። ይኸው ሕግ ነው ጉድ የሠራኝ።

እማማ ይታይሽ ሽኩና ጊሜል፣ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንድ ልጃቸው ሺሞን አሽዶድ ወደብ ይሠራል። በረንዳቸው ወደ ፊት ለፊት፣ ወደ ሕንፃው መግቢያ ነው። በጓሮ በኩል ደግሞ ትሪሱ ተቀርቅሮ ለዓመታት የተዘጋ ክፍል ነበራቸው። ድንችና ሽንኩርት ነበር የሚያስቀምጡበት። ያን ሰሞን ድንቹን አውጥተው፣ ክፍሉን አስቀብተው፣ አዲስ አልጋ አስገብተው ጠሩኝ።

“ወንድሜ ፈንታሁን ከጎንደር ሊገባ ነው” አሉኝ፣ በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን እያሻሹ። “ከበዓሉ በኋላ። ፈቃዱ ወጣለት።”

“እልል ነዋ እማማ!”

“ሸማኔ ነው። በስልክ ምን እንደጠየቀኝ ታውቃለህ? ስለ ቤቱ አልጠየቀኝ፣ ስለ ምግቡ አልጠየቀኝ። ‘ክፍሉ መስኮት አለው ወይ?’ አለኝ። ያለ ብርሃን ክር አይታየውማ። አለው አልኩት። ዋሸሁ ይሆን?”

አልጋው ላይ ታጥፎ የተቀመጠ ጋቢና ገና የዋጋ ወረቀቱ ያልተነሳለት አዲስ ፎጣ ነበር። እኔ መስኮቱን እያየሁ አፌ አላርፍ አለ።

“እማማ፣ መስኮቱ ቀላል ነው። ሸማኔ ግን ተቀምጦ እግሩን የሚከትበት ጉድጓድ ይፈልጋል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከቆፈሩለት፣ እታች ያለችው ሩስያዊት ሾርባዋን ስትጠጣ የፈንታሁን እግር ከጣራዋ ተንጠልጥሎ ሊያጫውታት ነው!”

እማማ ይታይሽ ግድግዳውን ይዘው ሳቁ። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው “ተጫምቶ ነው ወይስ በባዶ እግሩ?” አሉኝ። ከእኔ የሚብሱ ቀልደኛ ናቸው እኮ። በዚያ ቀን ልኩን ወስጄ፣ ጠፍሩን አዝዤ፣ ለማክሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ይዤ ወጣሁ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ሳለሁ አባባ መልኬ ደወሉ። አባባ መልኬ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ያለ እሳቸው ሰው አይታረቅም፣ ሰው አይቀበርም።

“ነገ ይታይሽ ቤት ሥራ አለህ አሉ?”

“አለኝ አባባ።”

“ፈንታሁን አርፏል።”

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

“ታሞ ሁለት ቀን አልቆየም። ከጎንደር ለሺሞን ደውለው ነገሩት። ሺሞን ነገ ጠዋት ይደርሳል፤ ቄሱም ከኪርያት ጋት ይመጣሉ። እሷ እስከዚያ ምንም እንዳትሰማ። መርዶ የሚነገረው ልጇ ክንዷን ይዞ፣ ቄስ ቆሞ፣ ዘመድ ከብቦ ነው እንጂ ብቻዋን አይደለም። ልቧም ደህና አይደለም። ቀጠሮውን ብትሰርዝባት ትጠረጥራለች። ሂድ፣ ሥራህን ሥራ፣ ስልክ እንዳታነሳ አድርግ፣ አጫውታት። አንተ እንደሁ አፍህ አያርፍም።”

“በሴደር፣ እሺ አባባ። አፌን ይዤላችሁ እሄዳለሁ።”

“እኛ ግን እስክንሞላ የት እንሁን? በፊት በኩል ከቆምን በረንዳዋ ላይ ልብስ ስታሰጣ ታየናለች።”

ባለሙያ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። “በጓሮ በኩል፣ መኪና የሚቆምበት ሜዳ ላይ ቁሙ” አልኳቸው። “የዚያ ክፍል ትሪስ ተቀርቅሮ ከቀረ ስንት ዓመቱ። ዝንብም አታያችሁ።”

“ብሩክ ሁን፤ አስተዋይ ነህ” አሉኝ።

አስተዋዩ እኔ ያሰብኩት ሥራውን ላለመጨረስ ነበር። ሣጥኑን እከፍታለሁ፣ እነካካለሁ፣ እተነፍሳለሁ፣ በር ሲንኳኳ ወርጄ ጥግ እይዛለሁ። ከዚህ የቀለለ ምን አለ? ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ሳልሠራ የሠራሁ መምሰል እኮ ዋና ሙያዬ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት እማማ ይታይሽ ዳቦና ሻይ አቅርበው ጠበቁኝ። ፀጉራቸውን ታጥበዋል። መጀመሪያ ያደረግሁት የስልኩን ገመድ ከግድግዳው መንቀል ነው።

“ምን ሆነ?” አሉኝ።

“ድሪሉ ከስልክ ጋር አብሮ ከሠራ ይቃጠላል።”

ዞር ዞር ብለው አዩ። “ድሪሉስ የታል?”

ድሪሉ ሱቅ ነበር። “ይመጣል” አልኳቸው። እንዴት እንደሚመጣ እግዜር ይወቅ።

መሰላል ላይ ወጣሁ። እሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ፈንታሁን ያወሩልኛል። ጥለት ሲያወጣ ምላሱን እንደሚነክስ፣ በልጅነቱ የእናታቸውን ቀሚስ ተርትሮ ክሩ ከየት እንደሚጀምር ሲፈልግ እንደተገረፈ፣ እሳቸው ሲሰናበቱት “አልጋዬን ከመስኮቱ ጋር አድርጊልኝ” እንዳላቸው። እኔ ፊቴን ወደ ሣጥኑ አድርጌ “እም” እላለሁ።

“ባለፈው ያልከኝን ድገመውማ” አሉኝ።

“የቱን እማማ?”

“የጉድጓዱን።”

አፌን ከፈትኩት። ምንም አልወጣም። በሠርግ ሙሽራ ሲያስለቅስ የኖረ፣ በሺብዓ፣ በሰባቱ ቀን ለቅሶ ቤት ሽማግሌ ሲያስቅ የኖረ አፍ፣ በዚያች ደቂቃ እንደዚያ ትሪስ ተቀረቀረ።

“ረሳሁት” አልኩ።

“አንተ? ረሳሁት አልክ?” አሉኝ። ጀርባዬ ላይ ዓይናቸው ተሰማኝ።

ከዚያ ዓይን ለመሸሽ ሥራዬ ውስጥ ገባሁ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የሣጥኑን ክዳን ስከፍት ውስጡ ትሪስ ሳይሆን መንደር ነበር። እርግቦች ለዓመታት ጎጆ ሠርተውበታል፤ ጭራሮ፣ ላባ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቁራጭ፣ አንድ የሕፃን ካልሲ ሳይቀር። ትሪሱ የሚጠቀለልበት ዘንግ በጭራሮ ታንቆ ነው እንጂ ምንም አልተሰበረም። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ብልሽት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። እጄ ከጭንቅላቴ ተለየ። ጭራሮውን በፒንሳ አንድ በአንድ ለቀምኩ። ዘንጉን ጠረግሁ፣ ዘይት ቀባሁ። ሞላውን ጠምዝዤ በምስማር አሰርኩ፤ አፍንጫዬ ምስክሬ ነው፣ ያን ከዚያ በኋላ ረስቼ አላውቅም። አዲሱን ጠፍር አስገባሁ፣ ቋጠርኩ፣ ምስማሩን በቀስታ አወጣሁ። ከሥር ደህና ያልሆኑትን ሽላቦች በላይኞቹ ለወጥኩ። ትንሽ ሳብ ሳደርገው ትሪሱ እንደ ጠገበ ድመት ተነፈሰና መዳፍ ታህል ተነሳ። መሬቱ ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር ወደቀ።

እኔም የሳሶን ተማሪ፣ ደስታዬ አናቴ ላይ ወጥቶ፣ “እማማ! ይምጡ፣ ይሳቡት!” አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ጓሮው ትዝ ያለኝ።

እማማ ይታይሽ ተነስተው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ጠፍሩን ያዙ። “ቆይ፣ ገና ነው” ለማለት ሞከርኩ፤ ልክ እንደ ማርሴል። እሳቸው ሳቡ። ብርሃኑ እግራቸው ላይ፣ ጉልበታቸው ላይ፣ ደረታቸው ላይ ወጣ። በመጨረሻ ፊታቸው ላይ ደረሰ፤ ዓይናቸውን አጨንቁረው፣ ፈገግ ብለው ወደ ታች አዩ።

እኔም ከመሰላሉ ላይ አየሁ። ሜዳው ነጭ ሆኗል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀዋል። አባባ መልኬ ዘንጋቸው ላይ ተደግፈዋል። ሺሞን የመኪናው ጣራ ላይ ክንዱን አስቀምጦ ግንባሩን ክንዱ ላይ ደፍቷል። ማንም ቀና አላለም፤ ሁሉም ቄሱ የሚመጡበትን መንገድ ነበር የሚያዩት።

እማማ ይታይሽ ጠፍሩን እንደያዙ ቆሙ። ዘለው ይወጣሉ ብዬ መሰላሉን ትቼ በእግሬ መስኮቱን ልዘጋ ምንም አልቀረኝ። እሳቸው ግን አልጮኹም። ሺሞንን ደህና አድርገው አዩት፤ ሺሞን በሕይወት አለ። ቄሱ ገና ናቸው። ጋቢውን ዞረው አዩት። እኔን አዩኝ።

“ፈንታሁን ነው” አሉ።

እኔ ፒንሳውን ኪሴ ከተትኩ።

ከዚያ ጠፍሩን እጅ በእጅ እየለቀቁ፣ ሳያንኳኩ፣ ሳያስጮኹ ትሪሱን አወረዱት። ሳሶን ቢያዩ ኖሮ ሱቁን ያወርሷቸው ነበር። ክፍሉ እንደ ድሮው ጨለመ።

“እማማ…” አልኩ።

“አልሞሉም ገና” አሉኝ በሹክሹክታ። “ቄሱ አልደረሱም። ይሙሉ። ልጄ እናቴ ብቻዋን ሰማች ብሎ ዕድሜ ልኩን ሲቆጭ ይኑር? እነዚያስ ሽማግሎች ከስንት አገር ተነስተው መጥተው፣ ‘አውቄያለሁ፣ ተመለሱ’ ልበላቸው? አንተም አላየህ፣ እኔም አላየሁ። ና ውረድ።”

ወረድኩ። በጨለማው፣ በፈንታሁን አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ስንት ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። በመካከሉ ስለ ፈንታሁን ሲያወሩ ሰማሁ።

“ተጫምቶ ነበር የሚሆነው” አሉ። “ፈንታሁን ጨዋ ነው፤ ጣራዋም ላይ ቢሆን በባዶ እግሩ ሰው ቤት አይገባም።”

በሩ ሲንኳኳ “ፊትህን ታጠብና ክፈትላቸው” አሉኝ። ታጥቤ ከፈትኩ። አባባ መልኬ በጆሮዬ “አልሰማችም?” አሉኝ። “ምንም” አልኩ። “ዓይንህ ምነው?” “የግድግዳ አቧራ።” ገቡ። ሺሞን ክንዳቸውን ያዘ፣ ቄሱ ቆሙ፣ አባባ መልኬ የሚባለውን አሉ። ያኔ እማማ ይታይሽ የያዙትን ሁሉ ለቀቁት። ያ ጩኸት የማስመሰል አልነበረም። ልጃቸው ክንድ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ይዘው ያቆዩት ነው እንጂ። ሺሞን ከልቡ አቀፋቸው፤ ሰዉ ደረቱን መታ፤ ሁሉም ነገር ወጉን ጠብቆ ሆነ።

ሳሶን በሦስተኛው ቀን ለሺብዓው መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሲወጡ በተከፈተው በር በኩል የጓሮውን ክፍል አዩና “አልጠገንከውም?” አሉኝ። “ጠግኛለሁ።” “ታዲያ ለምን ተዘጋ?” “ባለቤቲቱ ናቸው የዘጉት።” “እንግዲያው ሥራው አልቋል” አሉኝ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት እማማ ይታይሽ ራሳቸው ከፈቱት። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሲሳብ ከመንገድ ላይ አየው ነበር። ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው፤ አንዲት ጣት አያጋድልም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ በየቦታው ተጠራ። አባባ መልኬ “ይህ ቀልደኛ የምትሉት ልጅ ሆዱ ጉድጓድ ነው፤ ያን ጠዋት ያን ሁሉ ሰዓት ችሎ አንዲት ቃል አልወጣውም” ብለው በየለቅሶው አወሩልኝ። እስከ ነታንያ ድረስ ተሰማ። በቤር ሼቫ መርዶ በተነገረ ቁጥር “አዲሱን ጥሩት፣ እሱ ልቡ ድንጋይ ነው” እየተባለ ስንት ቤት ደረስኩ። መሰላሌን ይዤ የምገባበት ቤት ሁሉ ሰው እየደነገጠ “ለትሪስ ነው ወይስ ለሌላ?” ይለኝ ጀመር። እማማ ይታይሽ ስመሰገን ከሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስላሉ፤ እኔ ወደ ጣራ አያለሁ።

ሥራ ማቆሜን ልነግራቸው በቀደም ሄድኩ። የጓሮው ክፍል መስኮት ሥር ወንበራቸውን አድርገው ጥጥ ይፈትላሉ። “እንግዲህ ጻፈው ያን ነገር” አሉኝ። “ለሺሞን ነግሬዋለሁ። መጀመሪያ አለቀሰ፣ በኋላ ስላንተ ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ።”

ስለ እኔ የነገሩት ይህንን ነው። በዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ የቻልኩት እኔ አልነበርኩም። አልጋው ላይ እንደተቀመጥን እንባዬ ገነፈለ፤ በጓሮ ያሉት ሊሰሙ እስኪደርሱ ድረስ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ወንድማቸው የሞተባቸው እማማ ይታይሽ፣ ለወንድማቸው የገዙትን አዲስ ፎጣ አጣጥፈው በአንድ እጃቸው አፌን ዘጉት፣ በሌላው እጃቸው ጀርባዬን እየመቱ “ዝም በል ልጄ፣ ይሰሙሃል” ይሉኝ ነበር፤ በሩ እስኪንኳኳ ድረስ።